ሰቃ የሄደው ጫማ

ጅማ ከተማ መሀል ያለውን አዳራሽ ሰው ሁሉ «ዱባው» ይለዋል። ጣራው ክብ ነው፣ ቀለሙም ቢጫ። በሩ ላይ የተጻፈው ስሙ «ሁለገብ የስፖርትና የኪነ ጥበብ አዳራሽ» ነው፤ ግን ለባጃጅ ነጂ እንዲህ ብትሉት ዞር ብሎ ያያችሁና «የት ነው እሱ?» ይላችኋል። ዱባው ስትሉት ያደርሳችኋል።

የእኛ የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን ልምምዱም ጨዋታውም እዚያ ነው። እኔ ሩሐማ እባላለሁ፤ ተቀያሪ ነኝ። ተቀያሪ ማለት አብዛኛውን ጊዜ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሌሎችን የውሃ ኮዳ የሚጠብቅ ሰው ነው። ሥራው አይከፋም። ከዚያ ላይ ሆኖ ሁሉም ነገር ይታያል፤ ባዶ ወንበሮችም ጭምር።

ችግራችን እነዚያ ባዶ ወንበሮች ነበሩ። ዱባው ሺህ ሁለት መቶ ሰው ይይዛል። እኛ ስንጫወት የሚመጡት የቡድናችን ልጅ የናዝራዊት እናት፣ የአሰልጣኛችን ወንድሞች፣ ከዝናብ የሚጠለሉ ጥቂት ተማሪዎችና በሩን ክፍት ካገኘች አንዲት ድመት ናቸው። ግንቦት ሲገባ የአዳራሹ ቦርድ ሰብሳቢ አቶ ሀብተጊዮርጊስ አምበላችንን ፈድሊያን አስጠርተው ቁርጡን ነገሯት። ከአጋሮ ቡድን ጋር በምናደርገው የእሁድ ጨዋታ ቢያንስ ግማሹ ወንበር ካልሞላ፣ ከዚያ ቀን በኋላ ዱባው ለኮንሰርትና ለሰርግ ብቻ ይሆናል። እኛ ወደ ድሮው ሜዳችን እንመለሳለን።

የድሮው ሜዳችን ከአንድ ትምህርት ቤት ጀርባ ያለ ቀይ አፈር ነው። የጅማን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል። እዚያ ሜዳ ላይ ኳስ መሬት ሲነካ አይነጥርም ነበር፤ ይቀመጣል። ሦስት ልጆች በዚያ ጭቃ ተማርረው ቡድኑን ለቀዋል። ተመልሰን ብንሄድ የምንቀረው እኔና ፈድሊያ ብቻ እንደምንሆን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ሁለት ሰው ደግሞ ቡድን አይሆንም።

ፈድሊያ የሸቤ ልጅ ናት፤ ጅማ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ረጅም ናት። ሲከፋት አትናገርም፤ ኳስ ትመታለች። የዚያን ቀን ግድግዳውን ስትመታ ቆየችና ኳሷን አቅፋ ወደ እኛ መጣች።

«ኧረ ማሎ፣ ይሄ ሁሉ ሰው ከየት ነው የሚመጣው?» አለች።



ከጨዋታችን በፊት ባለው ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ዱባው ውስጥ ኮንሰርት ነበር። ዘፋኙ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ታዋቂ ልጅ ስለሆነ ትኬቱ ቀድሞ አልቋል። የአዳራሹ ሥራ አስኪያጅ ዘላለም ግን ፊቱ ጠቁሮ ነበር። ዘላለም ገና ወጣት ነው። አባቱ ከደብረ ብርሃን ተዛውረው የመጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው፤ ጥንቃቄውን ከሳቸው ነው የወረሰው። የአዳራሹን የእንጨት ወለል እንደ ሙሽራ ይጠብቀዋል። ለኮንሰርት ጊዜ ወለሉ ላይ የሚነጠፈው ምንጣፍ ከአዲስ አበባ ይመጣል ተብሎ አልመጣም። በዚያ ላይ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ያካፋል። አዳራሹ ያለበት የበቾ ቦሬ ሰፈር ጭቃ ደግሞ ቀይ ነው፤ የያዘውን አይለቅም።

«ወለሉ ከተጫረ የነገው ጨዋታችሁ የለም» አለን። «ኮንሰርቱን ልሰርዝ ብል ደግሞ ሰዉ እኔን ነው የሚሰርዘኝ።»

«ታዲያ ሰዉ ጫማውን ያውልቃ!» አለች ፈድሊያ።

ዘላለም ሳቀ። ከዚያ መሳቁን አቆመ።

ነገሩ እኮ ለጅማ ሰው እንግዳ አልነበረም። መስጊድ የሚሄደው በር ላይ ጫማውን ያወልቃል፤ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደውም ያወልቃል። ያልተለመደው ለዘፈን ማውለቅ ነው። የሚያስቸግረው ያ ሁሉ ጫማ የት ይቀመጣል የሚለው ነበር፤ ለሱም መላ ተገኘ። የዘላለም አባት ወዳጅ የሆኑት፣ ከጅማ ወጣ ብሎ ሰቃ ላይ መጋዘን ያላቸው ቡና ነጋዴው ጋሽ ጎሳዬ ባዶ የቡና ጆንያ እንደ ልብ አላቸው። «ውሰዱ፤ ስትጨርሱ ሹፌሬ ደሬሳ መጥቶ ከጓሮ ይጭናቸዋል» አሉ።

ጫማ ጠባቂዎቹ እኛ ሆንን። ለወለሉ ከእኛ በላይ የሚጨነቅ አልነበረማ። በየጆንያው ላይ በከሰል ቁጥር ጻፍን፤ ያንኑ ቁጥር የካርቶን ቁራጭ ላይ ጽፈን ለባለ ጫማው ሰጠን። ጆንያው ሲሞላ አፉን በሲባጎ እያሰርን አዳራሹ ጓሮ፣ ጣራው ወጣ ብሎ በሚጋርደው ቦታ ደረደርን።

ሰዉ ሲያወልቅ ማየት ራሱ ትርኢት ነበር። አንድ ጎረምሳ ካልሲው ተቀዶ አውራ ጣቱ ብቅ ሲል ጓደኞቹ «ትኬት ለስንት ሰው ነው የቆረጥከው? ይሄኛውም ሊያይ ነው እንዴ?» አሉት። እሱም ጣቱን ወደ ታች አይቶ «አርፈህ ተመልከት፣ እንዳትረብሽ» አለው።

ጎረቤታችን እትዬ የኔነሽም መጥተዋል። የልጅ ልጃቸው ዮርዲ ናት እየጎተተች ያመጣቻቸው። ጥቁር የቆዳ ጫማቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ።

«ልጄ፣ ይሄ የጥምቀትና የሰርግ ጫማዬ ነው። አደራ።»

«አያስቡ እትዬ፣ ከዓይኔ አይርቅም» አልኳቸው።

ዘላለም ለዘፋኙ እንኳ አላዘነለትም። ነጭ ስኒከሩን አስወልቆ በካልሲ መድረክ ላይ አወጣው። ልጁም ነገሩ ተስማማው፤ በካልሲ እየተንሸራተተ ሲጨፍር አዳራሹ በጩኸት ተናጋ።

መጨረሻ ላይ ሁሉም በቃሉ የሚያውቀው ዘፈን ሲጀምር እኛም አላስቻለንም። ጓሮውን ገና ተራ ለገባው የአዳራሹ ዘበኛ ትተን ለአንድ ዘፈን ብቻ ብለን ገባን። ዘፈኑ ረጅም ነበር። ሰዉም ድገመው አለ።

ስንወጣ አንድም ጆንያ አልነበረም። ግድግዳው ስር በደረቁ መሬት ላይ የጆንያዎቹ ቅርጽ ብቻ ቀርቷል፤ ዙሪያውን ዝናብ ይወርዳል።

«ጆንያዎቹስ?» አለች ፈድሊያ።

«ደሬሳ ጫናቸው እኮ» አለ ዘበኛው፣ ምስጋና እንደሚጠብቅ ሰው። «ዝናቡ ሊያበላሸው ነው ብሎ ከነጫኞቹ ሲሯሯጥ እኔም አገዝኩት። ለትንሽ ነው የተረፈው!»

ደሬሳን ማን ይወቅሰዋል? በእኛ አገር ሞልቶ የታሰረ ጆንያ ግድግዳ ስር አይቶ፣ ሰማዩ ሲጠቁር አይቶ፣ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው የለም። ዝናብ የነካው ቡና ይሻግታል። ቡናው የማንም ይሁን የማን፣ የደረሰ ሰው ያነሳል። ጋሽ ጎሳዬ «ጆንያዎቼን ከጓሮ ጫን» ብለውታል፤ ጓሮው ውስጥ ጆንያዎቻቸው አሉ። ጫነ።

ዘላለም ደወለና ድምፁን ለሁላችንም ከፈተው።

«ደሬሳ፣ የት ነህ?»

«ሰቃ ገብቻለሁ አቦ። መጋዘን አራግፌ አሁን ሻይ እየጠጣሁ ነው።»

«የጫንከው ምንድን ነው?»

«ጀንፈል ነዋ!» አለ ደሬሳ። ጀንፈል ከነገለባው የደረቀ ቡና ነው፤ ከተፈለፈለው ይቀላል። «ጫኞቹ ገና ሲያነሱት ቀለል ሲላቸው ነው ያወቁት። ያ ሁሉ ጀንፈል ዝናብ ሊመታው! ለጋሽ ጎሳዬ ንገርልኝ፣ እኔ ባልደርስ አልቆላቸው ነበር።»

«እስቲ አንዱን ፍታና እየው።»

ስልኩ ውስጥ የእግር ኮቴ፣ የበር ድምፅ፣ ከዚያ ሲባጎ ሲበጠስ ተሰማ። 

«ያ ረቢ!» አለ ደሬሳ በመጨረሻ። «ዘላለም፣ ይሄ ጀንፈል ማሰሪያ አለው።»

ያን ምሽት ሊመልሰው አልቻለም። ከመጋዘኑ እስከ አስፋልቱ ያለው መንገድ አፈር ስለሆነ፣ እንደዚያ ከዘነበ በኋላ ጠፈፍ እስኪል ማንም አይነዳበትም። እኛ ደግሞ በር ላይ ሺህ ሁለት መቶ ባዶ እግር ሰው ቆሞብናል።

ዘላለም ማይክሮፎኑን ያዘና እውነቱን ተናገረ። ከመናገሩ በፊት ላቡን ሦስት ጊዜ ጠረገ። ጫማችሁ ሰቃ ነው፤ አልጠፋም፤ ነገ ከቅዳሴ መልስ፣ በአምስት ሰዓት፣ እዚሁ አዳራሽ ካርቶናችሁን ይዛችሁ ኑ።  እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«እኔ እስከ ዛሬ ሰቃን አላየኋትም፤ ጫማዬ ቀደመኝ!» አለ አንዱ ከመሀል።

ከዚያ በኋላ ሳቁን የሚያቆመው አልተገኘም። የተቆጣም ነበር፤ አንድ ሰውዬ ዘላለምን በሱሪው ቀበቶ ይዞ «አንድ እግሩን እንኳ አምጣ!» እያለ ነበር። አብዛኛው ግን ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ በዝናቡ ወጣ። የባጃጅ ነጂዎች እንደዚያ ያለ ቅዳሜ አይተው አያውቁም። ዘፋኙ በማግስቱ ማለዳ በአውሮፕላን የተመለሰው ዘበኛው በሰጠው ሸበጥ ነው አሉ።

እትዬ የኔነሽ ዓይኔን አይተው ብቻ አለፉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

እሁድ ፀሐይ ወጣ። በአምስት ሰዓት ሰዉ መምጣት ጀመረ፤ አንዱ በሸበጥ፣ አንዱ በወንድሙ ጫማ፣ አንዱ በዝናብ ቦቲ። ደሬሳ ግን አልደረሰም። «መንገዱ ገና ነው፤ እየመጣሁ ነው» ይላል በደወልን ቁጥር። ሰዉ ከደጅ ከሚቆም ብሎ እየገባ ተቀመጠ፤ የመጣበትንም በር ላይ እያወለቀ። የጨዋታው ሰዓት ተቃርቦ የአጋሮ ቡድን ለማሟሟቅ ወደ ሜዳ ሲወጣ ወንበሮቹን አይቶ ደነገጠ። እኛም ደነገጥን። ዱባው ሞልቷል።

እትዬ የኔነሽ የዮርዲን ሐምራዊ የፕላስቲክ ጫማ አድርገው ነው የመጡት። «ቤተ ክርስቲያን ለመግባትስ ጫማ አያስፈልግም» አሉኝ ከአግዳሚ ወንበሬ ኋላ እየተቀመጡ። «ለመድረስ ነው እንጂ።»

አቶ ሀብተጊዮርጊስ የፊተኛው ወንበር ላይ በካልሲ ተቀምጠው ዙሪያውን አዩ። ፈድሊያ ሰላም ልትላቸው ቀረብ ስትል «አየሽ ልጄ፣ እነዚህ ተመልካች አይደሉም» አሏት። «ጫማቸውን የሚጠብቁ ሰዎች ናቸው። እኔ እነሱን አልቆጥርልሽም።»

የመጀመሪያው ዙር ተጀመረ። ሰዉ መጀመሪያ ስልኩን ያይ ነበር። ፈድሊያ ዘላ የመታችው ኳስ መሬት ላይ ሲፈነዳ ግን ጥቂት ራሶች ቀና አሉ። ቆይቶ አንዱ ጎኑ ያለውን «ይሄ መስመሩ ላይ ሲያርፍ ለማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ነጥቡ ሃያ አራት እኩል ሲሆን ማንም ስልክ አልያዘም። ያን ዙር በሁለት ነጥብ አሸነፍን። ፊሽካው ሲነፋ ከውጭ ረጅም የመኪና ጥሩምባ ተሰማ።

ደሬሳ ደረሰ።

ዘላለም በጥፍሩ እየሮጠ ወደ ፈድሊያ መጣ። «አንድ ቃል እንዳትተነፍሱ» አለ በሹክሹክታ። «ጨዋታው ሲያልቅ ነው የምናድለው። እስከዚያ የትም አይሄዱም።»

ፈድሊያ ላቧን ጠረገች። ወንበሮቹን አየች፣ አቶ ሀብተጊዮርጊስን አየች፣ ከዚያ እኔን።

«የሰው ጫማ ይዤማ ተመልካች አለኝ አልልም» አለች።

ማይክሮፎኑን ከዘላለም እጅ ወሰደች። «ጫማችሁ ደርሷል» አለች። «ላደረስንባችሁ እንግልት አውፍ በሉን። የቸኮለ ሰው አሁኑኑ ወስዶ መሄድ ይችላል። ለተቀመጣችሁልን ግን… እንዲህ ሆኖ ተጫውተን አናውቅም። እናመሰግናለን።»

አዳራሹ ባንዴ ተነሳ። ከውጭ ደሬሳ መኪናው ላይ ቆሞ «ሃያ ሦስት! ሃያ ሦስት ቁጥር!» እያለ ሲጣራ ይሰማል። በሩ ሰዉን እንደ ወንፊት እያጣራ አስወጣው። ሁለተኛው ዙር ሲጀመር የቀሩት የናዝራዊት እናት፣ የአሰልጣኛችን ወንድሞችና አቶ ሀብተጊዮርጊስ ነበሩ። ባዶ አዳራሽ ውስጥ ኳስ ሲመታ ድምፁ ሁለት ጊዜ ይሰማል፤ አንዴ ከእጅ፣ አንዴ ከጣራ። ያን ድምፅ ለምጄው ኖሯል፤ ያን ቀን ግን ከበደኝ። ልጆቹም ተሰማቸው። ያገኙትን ኳስ ሁሉ መረቡ ላይ ጣሉት።

ስምንት ለሦስት እየተመራን ሳለ ከኋላዬ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ።

«የት ደረሰ?» አሉ እትዬ የኔነሽ። ጥቁሩን ጫማቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

«እየተመራን ነው እትዬ… አልሄዱም እንዴ?»

«ባጃጅ ላይ አንድ እግሬን አውጥቼ ነበር። ከዚያ ያቺ ረጅሟ ልጅ አሁን ምን አድርጋ ይሆን ብዬ…» ንግግራቸውን አልጨረሱትም፤ ፈድሊያ እየዘለለች ነበር። ኳሱ መሬት መታ። እትዬ የኔነሽ ሊያጨበጭቡ ፈለጉ፤ እጃቸው ግን በጫማ ተይዟል። ስለዚህ ግራውን ከቀኙ፣ ሶሉን ከሶሉ አጋጩት።

ጧ! ጧ! ጧ!

ዞር ስል በሩ ላይ ሰው አለ። ከሱ ኋላ ሌላ። ጣቱ ብቅ ያለችበት ጎረምሳ አለ፣ ዘላለምን በቀበቶ ይዞት የነበረው ሰውዬ አለ። «በእጅ! ጫማ በእጅ!» ይላል ዘላለም በር ላይ ቆሞ፤ ሰዉም ጫማውን በእጁ ይዞ ይገባል። ገብቶም እጁ ስለተያዘበት እንደ እትዬ የኔነሽ ጫማውን ያጋጫል። አንዲት ሴትዮ «ኧረ ነውር ነው!» ሲሉ ሰማሁ፤ ትንሽ ቆይቶ እሳቸውም ከሁሉ አስበልጠው ሲያጋጩ አየሁ። ጣራው በዚያ ድምፅ ተሞላ። ከሰቃ የተመለሰው ደረቅ ጭቃ እንደ በርበሬ ወለሉ ላይ ይበናል።

«ጭቃው! ኧረ ጭቃው!» ይላል ዘላለም። ማን ይስማው?

አቶ ሀብተጊዮርጊስ መጀመሪያ በባዶ እጃቸው አጨበጨቡ። ድምፁ አነሰባቸው መሰለኝ፣ ጎናቸው ከተቀመጠው ልጅ አንድ እግር ጫማ ተውሰው በመዳፋቸው ይመቱት ጀመር።

አራተኛው ዙር ላይ አሰልጣኛችን ወደ አግዳሚው ዞረና «ሩሐማ፣ ሰርቭ አድርጊ» አለኝ። የማንን ኮዳ ይዤ እንደተነሳሁ አላውቅም፤ ናዝራዊት ናት ከእጄ የወሰደችልኝ። መስመሩ ላይ ስቆም አዳራሹ ጸጥ አለ። ከዚያ ጸጥታ ውስጥ «የኔ አደራ ጠባቂ፣ በርቺ!» የሚል የአሮጊት ድምፅ መጣ። መታሁት። ኳሱ መረቡን ታክኮ ሁለት የአጋሮ ልጆች መሀል ወደቀ፤ አንቺ አንሺው፣ አንቺ አንሺው ተባብለው ሳያነሱት ቀሩ። አንድ ነጥብ ናት። ለዚያች አንድ ነጥብ የተጋጨውን ጫማ ግን እስካሁን እሰማዋለሁ።

ተሸነፍን። አምስተኛው ዙር ድረስ ሄደን በሁለት ነጥብ ተሸነፍን፤ አጋሮዎች ጎበዞች ናቸው።

ማንም አልተነሳም። «ዳኛው አንድ ዙር ይጨምር!» ይላሉ እትዬ የኔነሽ። ፈድሊያ ወለሉ ላይ ጭቃው መሀል ተቀምጣ ትስቃለች።

«ተሸንፈናል እኮ» አልኳት።

«አይቻለሁ» አለች፤ ሳቋን አላቆመችም።

አቶ ሀብተጊዮርጊስ የተዋሱትን ጫማ ለባለቤቱ መልሰው ወደ እኛ መጡ። ፊታቸው እንደ ሁልጊዜው ኮስተር ያለ ነው። ፈድሊያ ብድግ አለች።

«የሚቀጥለው ጨዋታ መቼ ነው?» አሉ።

«ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ሜዳው ግን… የት እንደምንጫወት እርስዎ ነዎት የሚያውቁት።»

«የት ይሆናል ታዲያ?» አሉ እንደ መቆጣት ብለው። «ይሄን ሁሉ ሰው ትምህርት ቤት ጓሮ ልትወስጂው ነው?»

የዚያ ጨዋታ ቀን ዘነበ። ዘላለም ያ ምንጣፍ በመጨረሻ ደርሶለት ከበሩ እስከ ወንበሮቹ ድረስ አንጥፎታል። በሩ ላይም በትልልቅ ፊደል «ጫማ ማውለቅ አያስፈልግም» ብሎ ለጥፏል። ሰዉ ጽሑፉን ያነባል፤ ያነብና ጎንበስ ብሎ ማሰሪያውን ይፈታል። ጫማውን በእጁ ይዞ ይገባል።

ደሬሳ የፊተኛው ወንበር ላይ ነበር። ስናየው ሁለት ባዶ እጆቹን አነሳ። «ዛሬ ምንም አልጭንም፣ ወላሂ!»

እትዬ የኔነሽ የዮርዲን ሐምራዊ ጫማ አድርገው፣ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ታቅፈው ገቡ። ልቀበላቸው እጄን ስዘረጋ ፌስታሉን ወደ ደረታቸው ሳብ አደረጉት።

«አንቺንማ አንዴ አምኜሽ ነበር» አሉ። ከኋላዬ ተቀመጡና ፌስታሉን ፈቱት፤ ጥቁሩ የቆዳ ጫማ ተወልውሎ ያበራል። «ይሄ የጥምቀት፣ የሰርግና የዱባው ጫማዬ ነው። በይ አሁን ዞር በይ፤ አትከልይኝ።»